ቀነኒሳን በመቶ ሜትር የቀደሙት ልጆች

ባሕር ዳር ውስጥ ለሰባተኛና ለስምንተኛ ክፍል ሳይንስ አስተምራለሁ። ስፖርት፣ ፊልምና ዜና ክፍል ውስጥ ማስገባት ከጀመርኩ ወዲህ «እንዴት አድርገህ ነው?» የሚሉኝ መምህራን በዝተዋል። መልሴ አንድ ነው፦ ጨዋታውን ማባበያ አታድርጉት፣ የሚለካ ነገር አድርጉት። ልጅ ኳስና ፊልም ስለወደደ ብቻ ሳይንስ አይገባውም። ሰዓት ይዞ፣ ሜትር ዘርግቶ፣ ቁጥር ጽፎ ሲከራከር ግን ይገባዋል።

ከፍጥነት ልጀምር። ቀነኒሳ በቀለ ነሐሴ 1997 ዓ.ም. ብራስልስ ላይ 10,000 ሜትርን በ26 ደቂቃ ከ17.53 ሰከንድ ጨርሶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። ቁጥሩን ሰሌዳ ላይ ጽፌ «እያንዳንዱን መቶ ሜትር በስንት ሰከንድ ሮጠ ማለት ነው?» እላለሁ። ደቂቃውን ወደ ሰከንድ ይለውጣሉ፣ ያካፍላሉ። 15.8 ሰከንድ ገደማ ይመጣል። «ይቺማ ምን አላት!» የሚል አይጠፋም።

ሜዳ እንወጣለን። መቶ ሜትር ለክተን መነሻና መድረሻውን በኖራ እናሰምራለን። ፈጣኖቹ ልጆች እውነትም ከ15.8 በታች ይገባሉ። አንዱ እያለከለከ «ቲቸር፣ ቀነኒሳን ቀደምኩት!» አለኝ። «ጎበዝ! በል አሁን ሳታርፍ ዘጠና ዘጠኝ ጊዜ ድገመው» አልኩት። ሁለተኛውን ጀመረና ግማሽ ላይ ጉልበቱ ከዳው። ከዚያ በኋላ አማካይ ፍጥነት ምን እንደሆነ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ልቡ ገና ሲደልቅ ጓደኛው አንጓው ላይ ጣቱን አሳርፎ 15 ሰከንድ ቆጠረ፣ በአራት አባዛ። የልብና የሳንባ ትምህርትም በዚያው ተጀመረ።

ለእኔ ግን ከሩጫው ይልቅ የሚጣፍጠው የሰዓት ያዦቹ ክርክር ነው። አንድ ሯጭ ላይ አምስት ስልክ ሲደቀን አምስት የተለያየ ሰዓት ይመጣል። «አንተ ዘግይተህ ነው የነካኸው»፣ «አንቺ ነሽ ሳይደርስ ያቆምሽው» ይባባላሉ። ያኔ የሲድኒ ኦሎምፒክን አነሳለሁ። መስከረም 1993 ዓ.ም. ኃይሌ ገብረሥላሴ በ10,000 ሜትር ፖል ቴርጋትን የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። መስመሩ ላይ በሰከንድ 8 ሜትር ይሮጡ ነበር ብለን ብንይዝ፣ ልዩነቱ 72 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። እሱን ወለል ላይ በጠመኔ አስምረን ዙሪያውን ቆመን እናያለን። «እሺ፣ ያን ውድድር በእናንተ ስልክ ብንዳኘው ኖሮስ?» ስላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። በራሳቸው ሰዓቶች መካከል ያለው ልዩነት ከ0.09 ይበልጣል። የመለኪያ ስህተት እንዲህ ሲመጣ አይረሳም።

ፊልም ላይ ደንቤ ጥብቅ ነው። ሙሉ ፊልም አላሳይም፤ አንድ ደቂቃ የማይሞላ ቁራጭ ይበቃል። ጥያቄው ደግሞ ከቁራጩ ይቀድማል፣ አለበለዚያ ልጆቹ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ። መብራትም ኔትወርክም ስለማያስተማምን ቁራጩን ማታ ስልኬ ላይ ጭኜ ነው የማድረው።

አክተሩ ከፎቅ ይዘላል። የአየሩን ተቃውሞ ከተውነው፣ የሚወድቅ ነገር በአንድ ሰከንድ 5 ሜትር፣ በሁለት ሰከንድ 20 ሜትር፣ በሦስት ሰከንድ 45 ሜትር ይወርዳል። ልጆቹ ፎቁን ቆጥረው፣ ለአንዱ ፎቅ 3 ሜትር ይዘው ከፍታውን ይገምታሉ። ከዚያ አየር ላይ የቆየበትን ጊዜ ይለካሉ። ከሦስተኛ ፎቅ ዘሎ አራት ሰከንድ ከቆየ ነገሩ አልገጠመም፤ አራት ሰከንድ 80 ሜትር ነዋ! ስሎው ሞሽን ነው ወይስ ገመድ አለ? ክርክሩ ከደወል በኋላም ይቀጥላል።

መብረቅም እንደዚሁ። ፊልም ላይ ብዙ ጊዜ ብልጭታውና ነጎድጓዱ እኩል ነው የሚመጡት። ድምፅ ግን በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ ለአንድ ኪሎ ሜትር ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። ሰኔ ላይ ከጣና በኩል ብልጭ ሲል ልጆቹ መቁጠር ይጀምራሉ። ቤት ውስጥ ሆነው ነው ታዲያ፤ መብረቅ ባለበት ሐይቅ ዳር መቆም አይፈቀድም።

ዜናን በተመለከተ ጣናን የወረረውን የእምቦጭ አረም የሚያህል የለንም። ልጆቹ ከሬዲዮና ከፌስቡክ የሰሙትን ይዘው ይመጣሉ፤ «ሐይቁን በሙሉ ሸፍኖታል» የሚልም አለ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ታዲያ ተናጋሪው ምን ያህሉን አይቶ ነው? ከየት ቆሞ? በየትኛው ወር? ይህን መጠየቅ ከለመዱ በቂዬ ነው። ከዚያ የእምቦጩን የቅጠል አገዳ ሰንጥቀን እናያለን። ያበጠው ክፍል ውስጡ በአየር የተሞላ ስፖንጅ ነው፤ የሚያንሳፍፈውም እሱ ነው። አንዲት አያቷ ታንኳ የሚሠሩላት ተማሪ «ታንኳ የሚሠራበት ደንገልም እኮ ውስጡ እንዲህ ነው» አለች። ቀጥላም ታንኳ ውሃ እየጠጣ ሲከብድ ዳር ወጥቶ ፀሐይ ላይ እንደሚደርቅ ነገረችን። የመንሳፈፍን ትምህርት የሰጠችው እሷ ናት ማለት ይቻላል። እምቦጭን ለማሳያ የምታመጡ መምህራን አደራ፦ ስትጨርሱ ፀሐይ ላይ አድርቃችሁ አቃጥሉት እንጂ ቦይ ውስጥ አትጣሉት።

አንድ ነገር ልጨምር። ሜዳ ላይ ዝም ከተባለ ወንዶቹ ሩጫውንም ስልኩንም ይይዙታል። ስለዚህ ሯጭ፣ ሰዓት ያዥ፣ መዝጋቢና ዳኛ በተራ ይሾማሉ፤ መሮጥ የማይችል ልጅም ሥራ አያጣም።

አሁን ብስክሌት ላይ ነን። ከተማችን ብስክሌት ሞልቷታል። ልጆቹ ከመኪና ርቀው፣ ሜዳው ውስጥ፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ ጎማው ስንት ሜትር እንደሚሄድ ይለካሉ፤ አንዴ በደረቅ መሬት፣ አንዴ ውሃ አፍስሰው። የደረቁን ጨርሰናል። የእርጥቡን ሰኞ እንለካለን፤ ግምታቸውን ግን ከወዲሁ ጽፈው አስረክበውኛል።