የደቡብ መስቀል ከደሴም ይታያል

ዛሬ ከኢሻ በኋላ ከእህቴ ልጅ ጋር ከከተማው ወጣ ብለን ሰማይ ስናይ አመሸን። ለአውስትራሊያ ጀማሪዎች የተሠራ የኮከብ ካርታ አሳትሞ ይዟል። "አጎቴ፣ ይሄ እኛ ጋ ይሠራል?" አለኝ።

ይሠራል! ግን ትንሽ ማስተካከል ይፈልጋል። ሲድኒ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 34 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ የደቡብ መስቀል የሚባለው የመስቀል ቅርጽ ያለው የኮከቦች ስብስብ አይጠልቅም። ደሴ ግን በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት። ስለዚህ በግንቦት ምሽት 3 ሰዓት አካባቢ ቀጥ ብሎ ሲቆም እንኳ ከአድማስ 19 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ከአድማስ ጀምሮ ሁለት ጡጫ ብትደራርቡ እዚያ ጋ ታገኙታላችሁ። ደቡቡን ተራራ ያልጋረደው ቦታ ምረጡ።

ካርታው ላይ ምሥራቅና ምዕራብ የተገላበጡ ይመስላሉ። ከራሳችሁ በላይ አንስታችሁ ከሥር ስታዩት ይገጥማል።

ከመስቀሉ በስተግራ ሁለት ደማቅ ኮከቦች አሉ። ከመስቀሉ ራቅ ያለችው አልፋ ሴንታውሪ ናት። ብርሃኗ እኛ ጋ ለመድረስ ከ4 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። "እንዴ! ኬጂ እያለሁ የተነሳ ነው ማለት ነው?" አለ ልጁ። ደስ ሲል!

የሰሜን ኮከብ ደቡብ ካርታ ላይ የለችም። እኛ ግን ዞር ስንል ዝቅ ብላ አየናት። ሁለቱንም ከአንድ ቦታ ማየት ለእኔ ትልቅ ጸጋ ነው።

ካርታውን በስልክ መብራት አታንብቡ። ባትሪ ላይ ቀይ ፌስታል እሰሩበት፤ ዓይን ጨለማ ለመልመድ ቢያንስ 20 ደቂቃ ይፈልጋል። ኮምቦልቻ ያላችሁ፣ ነገ ሞክሩትና ጻፉልኝ።