ጉማሬ ስንቆጥር ከአንታርክቲካ የተማርነው

ባሕር ዳር ውስጥ «ዓባይ መውጫ ላይ ስንት ጉማሬ አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልስ አታጡም። ባጃጅ ነጂው አንድ ቁጥር ይነግራችኋል። ቱሪስት የሚያመላልሰው ካፒቴን ሌላ ቁጥር አለው፤ እንግዳው ፈረንጅ ከሆነ ደግሞ ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ሁሉም አፉን ሞልቶ ነው የሚናገረው። እኔ የባዮሎጂ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ይህንኑ ሲጠይቁኝ የማምንበት መልስ አልነበረኝም። በየዓመቱ መቁጠር የጀመርነው በዚህ ምክንያት ነው።

እንዴት እንደሚቆጠር ሳፈላልግ ግን የረዳኝ የጉማሬ ጥናት አልነበረም። ከአንታርክቲካ የመጣ የአቆስጣ ጥናት ነው።

አቆስጣን ለማያውቅ፦ ባሕር ውስጥ ዓሣ እያደነ የሚኖር፣ በእግር ፋንታ መቅዘፊያ ያለው፣ ልጁን የሚያጠባ እንስሳ ነው። ዌድል የሚባለው ዝርያ የሚኖረው በአንታርክቲካ ዙሪያ ነው። እዚያ ኤረበስ ወሽመጥ በሚባል ቦታ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድን መንጋ በየዓመቱ ይከታተሉታል። ሥራውን የጀመሩት የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ሲኒፍ ናቸው። በኋላ የሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ተረከቡት። ሰው ተቀያየረ፤ ቆጠራው አልቆመም።

አሠራሩ ሲሰሙት ቀላል ነው። እናቶቹ ከጥቅምት ጀምሮ በረዶው ላይ ወጥተው ይወልዳሉ። ተመራማሪዎቹ እየዞሩ ግልገሎቹ የኋላ መቅዘፊያ ላይ ቁጥር ያለው ፕላስቲክ ይሰኩባቸዋል፤ እኛ አገር የዲቃላ ላም ጆሮ ላይ እንደሚደረገው ማለት ነው። ከዚያ በየጥቂት ቀኑ እየተመላለሱ የትኛው ቁጥር እንደታየ ይጽፋሉ። እስካሁን ምልክት የተደረገባቸው ከ20 ሺህ በላይ ናቸው። በረዶው ላይ የሚያድነው አውሬ ስለሌለ አቆስጣው ሰው ሲጠጋው ተነስቶ አይሸሽም። ሴቶቹም ብዙውን ጊዜ ለመውለድ ወደተወለዱበት አካባቢ ይመለሳሉ። ስለዚህ የአንዷን ዕድሜ ከልደት እስከ ሞት መከታተል ይቻላል፤ መጀመሪያ በስንት ዓመቷ ወለደች፣ የትኛውን ዓመት ሳትወልድ አለፈች፣ መቼ ጠፋች። ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚወልዱት ሰባት ስምንት ዓመት ሲሞላቸው ነው። 30 ዓመት ገደማ የምትኖርም አለች። የሦስት ዓመት በጀት ይዞ የሄደ ሰው እንግዲህ የአንዲቷን ግልገል የመጀመሪያ ልጅ እንኳ ሳያይ ይመለሳል።

እኔን የገዛኝ የበረዶው ታሪክ ነው። መጋቢት 2000 እ.ኤ.አ. ላይ ቢ-15 የተባለ የበረዶ ተራራ ከሮስ የበረዶ ንጣፍ ተገምሶ ወጣ። ስፋቱ 11 ሺህ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ጣና 3 ሺህ ገደማ ነው፤ እናንተው አስሉት። ስባሪዎቹ የኤረበስን አካባቢ ዘጉት፤ የባሕሩ በረዶም እንደ ወትሮው ተሰብሮ አልወጣ አለ። በእነዚያ ዓመታት ኤረበስ ላይ የተወለዱት ግልገሎች ቁጥር አሽቆለቆለ። በዚያ ሰሞን ብቻ ሄዶ የቆጠረ ሰው «አቆስጣው እያለቀ ነው» ብሎ ይጽፍ ነበር። ምልክቶቹ ግን ሌላ ነገር ተናገሩ። አዋቂዎቹ ሴቶች አልሞቱም፤ ያንን ሰሞን ለመውለድ አልመጡም እንጂ። በረዶው ሲለቅ ተመለሱ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ዓባይ መውጫን ያየሁበት ዓይን ተለወጠ። እኛም ዘንድ የውኃው ከፍታ ዝም ብሎ አይቀመጥም። በ1996 እ.ኤ.አ. የተሠራው፣ ከጣና የሚወጣውን ውኃ የሚገድበው የጨረጨራ መቆጣጠሪያ አለ፤ ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ደግሞ የበለስ የኃይል ማመንጫ ከሐይቁ ውኃ ይወስዳል። ውኃው ሲጎድል ጉማሬዎቹ ጥልቅ ቦታ ላይ ተሰብስበው ይታያሉ። ሲሞላ ደንገሉ ውስጥ ገብተው ይሰወራሉ። እንግዲህ የቆጠራው ቁጥር ወረደ ማለት ጉማሬ ቀነሰ ማለት ላይሆን ይችላል። «ስንት አየን» እና «ስንት አለ» ለየብቻ ናቸው። ተማሪዎቼ ደብተራቸው ላይ ሁለቱን ለየብቻ እንዲጽፉ የማስገድደው ለዚህ ነው።

ችግሩ ጉማሬ አቆስጣ አይደለም። ጆሮው ላይ ፕላስቲክ ልሰካ የሚል ጀግና ካለ ኑዛዜውን ጽፎ ይምጣ። ከአንድ ቶን በላይ የሚመዝን፣ ልጅ ከያዘ ጀልባ የሚገለብጥ እንስሳ ነው። ቀን ውኃ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል። ስለዚህ ምልክት ማድረጉን ትተን አቆጣጠሩን ብቻ ወሰድን።

የምንቆጥረው በጋው ሊያልቅ ሲል ነው፤ ሁልጊዜ በዚያው ወር፣ በዚያው መስመር፣ ጠዋት። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋስ ይነሳል፤ ማዕበል ካለ ጆሮና ድንጋይ አይለይም። መጀመሪያ የምታዩት ጆሮ ነው። ሁለት ትንንሽ ጆሮዎች ብቅ ይሉና ውኃውን ለማራገፍ ርግብግብ ይላሉ። ከዚያ ዓይን፣ ከዚያ የአፍንጫው ቀዳዳ ተከፍቶ ፍፍፍ ብሎ ይተነፍሳል። ለመጻፍ ስታጎነብሱ ጠልቋል። አዋቂው አምስት ደቂቃ ያህል ውኃ ውስጥ ሊቆይ ይችላል፤ ከወጣም ሌላ ቦታ ነው የሚወጣው። አንዱን ሦስት ጊዜ መቁጠር፣ ሦስቱን ደግሞ ጨርሶ መሳት በጣም ቀላል ነው።

መላ ያልነው ይህ ነው። ጀልባው ሞተሩን አጥፍቶ አንድ ቦታ ይቆማል። ሁለት ሰዎች ሳይነጋገሩ፣ ወረቀታቸውን ሳይተያዩ ይቆጥራሉ። ትንሽ ጠብቀን ደግመን እንቆጥራለን። ከዚያ በአንድ ቅጽበት አብረው ከታዩት ራሶች ትልቁን ቁጥር እንይዛለን። አማካይ አንወስድም። የጠለቀ እንስሳ ሁልጊዜ ቁጥሩን ወደ ታች ይጎትተዋል። የሁለቱ ሰዎች ቁጥር ሲራራቅ ደግሞ ምን ያህል እየሳትን እንደሆነ ይነግረናል። በእርሳስ ነው የምንጽፈው፤ እስክሪብቶ ውኃ ሲነካው ይፈሳል። ከቁጥሩ ጎን ነፋሱ፣ የውኃው ከፍታ፣ የቆጠረው ሰው ስም፣ ያልሄድንበት ጥግ ሁሉ ይጻፋል። ምንም ካልታየ ዜሮ ይጻፋል። ባዶ ቦታ አይተውም፤ ከዓመታት በኋላ ባዶውን የሚያነብ ሰው «አላዩም ወይስ አልሄዱም?» ብሎ ግራ ይጋባል።

የጀልባ ነጂው ጋሼ ከሁላችንም በላይ ዓይን አላቸው። አንድ ጠዋት ወደ ደንገሉ እየተጠጋን ሳለ ሞተሩን አጠፉ።

«መምህሬ፣ ከዚህ ወዲያ አንሄድም።»

«ምን አዩ ጋሼ?»

«ያቻትን እይ። ለብቻዋ ናት። ልጅ ይዛለች።»

ግልገል የሚባል ነገር አልታየኝም። ጥቂት ቆይቶ ከእናቱ ጀርባ የቡና ጀበና የምታህል ራስ ብቅ አለች። የወለደች ጉማሬ ለጥቂት ጊዜ ከመንጋው ተለይታ እንደምትቆይ መጽሐፍ ላይ አንብቤያለሁ። እሳቸው ግን ፊደል ሳይቆጥሩ ያውቁታል። ከዚያ ወዲህ ቅጻችን ላይ «ጀልባ ነጂው ያሉት» የሚል ረድፍ አለ።

ያናደደኝን ልንገራችሁ። አንድ መሥሪያ ቤት ለሪፖርት ቁጥር ጠየቀን። እኔ ከነማብራሪያው ሰጠሁ። ሪፖርቱ ላይ የወጣው ቁጥሩ ብቻ ነው፤ «በአካባቢው የሚገኙ ጉማሬዎች ብዛት» ተብሎ። አሁን ሰው ቁጥር ሲጠይቀኝ የዓመታቱን ሰንጠረዥ እንዳለ እሰጣለሁ። አንዱን ቁጥር ነጥሎ መውሰድ ከፈለገ በራሱ እጅ ይውሰድ።

ሌላው ራስ ምታት ርክክብ ነው። ተማሪ ይመረቃል፣ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ የሚገባው ቆጣሪ የመጀመሪያውን ዓመት ከነባሩ ጎን ተቀምጦ ይቆጥራል፤ የሁለቱን ልዩነት እንይዛለን። ያለዚያ ቁጥሩ የተለወጠው በጉማሬው ይሁን በአዲሱ ልጅ ዓይን ማን ያውቃል?

ዘንድሮ ፎቶ ጨምረናል። የተቀደደ ጆሮ፣ ጀርባ ላይ ያለ የቆየ ጠባሳ፤ በዚህ አንዳንዶቹን መለየት ጀምረናል። ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ አንዲት ሴት አለችን፣ ያለ ክርክር የምናውቃት እሷን ነው። የሌሎቹ ላይ ገና እንጨቃጨቃለን፤ ጠባሳ ይሽራል፣ አዲስም ይመጣል። ሁለት ሰዎች ለየብቻ ካልተስማሙ ፎቶው «ያልታወቀ» የሚለው ፋይል ውስጥ ይገባል። ያ ፋይል ለጊዜው ከሁሉም ወፍራሙ ነው።