ለመስኮት ጽዳት የሚሆን ተንቀሳቃሽ የውሃ ማጣሪያ እንዴት እንደሠራሁ

መስኮትን ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ አጥቦ ሳይወለውሉ መሄድ የሚቻለው ውሃው ሲደርቅ በመስታወቱ ላይ የሚተወው ነገር ከሌለ ብቻ ነው። ነጫጮቹ ነጠብጣቦች በውሃው ውስጥ ሟምተው የነበሩ፣ በተለይም የካልሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች ናቸው፤ ስለዚህ ለዓይን ጥርት ያለ ውሃ ሁሉ ለዚህ ሥራ አይሆንም። የማገኘው የቧንቧ ውሃ በቲዲኤስ መለኪያ (በውሃ ውስጥ የሟሟውን ነገር መጠን በሚለካ መሣሪያ) 300 ፒፒኤም፣ ማለትም ከሚሊዮን 300 እጅ ገደማ ያሳይ ነበር፤ እኔ ግን ከ10 በታች፣ ቢቻል ዜሮ እፈልግ ስለነበር በጋሪ የሚጎተት ማጣሪያ ራሴ ለመሥራት ተነሣሁ።

መጀመሪያ የሠራሁት በሬዚን (ጨውን ከውሃ በሚይዙ ጥቃቅን የፕላስቲክ እንክብሎች) የተሞላ አንድ ጋን ብቻ ነበር። ሬዚን ጨዎቹን ይዞ በምትካቸው የውሃ አካል የሆኑትን የሃይድሮጅንና የሃይድሮክሳይድ አየኖች ስለሚለቅ ውሃውን ዜሮ ያደርሰዋል፤ ፓምፕ አይፈልግም፣ የሚደፋ ውሃም የለውም። ይሁን እንጂ እንዲህ ያለ ጨዋማ ውሃ ቶሎ ይጨርሰዋል። ሲያልቅም አሣ አሣ የሚል ሽታ ያመጣል፤ ይህን ያወቅሁት ደንበኛ ፊት ቆሜ ነው።

ስለዚህ ከሬዚኑ በፊት የሪቨርስ ኦስሞሲስ ሜምብሬን፣ ማለትም ውሃን በግፊት አሳልፎ አብዛኛውን ጨው የሚያስቀር ስስ ሽፋን አስገባሁ። ውሃው በ5 ማይክሮን የደለል ማጣሪያ፣ ከዚያም ክሎሪንን በሚያስቀር ካርቦን ያልፋል፤ ፓምፑ ግፊቱን ወደ 5 ባር ካሳደገው በኋላ ወደ ሜምብሬኑ ይገባል፤ ሬዚኑ መጨረሻ ላይ ይቀመጣል። ሜምብሬኑ ከጨው 97 በመቶውን ካስቀረ 300 የነበረው ወደ 9 ይወርዳል፤ የሬዚኑ ሸክምም በዚያው ልክ ይቀልለታል።

ትልቁ ስሕተቴ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው። ብቸኛውን መለኪያ ከሬዚኑ በኋላ ስለገጠምሁት ሁልጊዜ ዜሮ ያነብልኝ ነበር፤ እኔም ሁሉ ደኅና ነው ብዬ የካርቦኑን መቀየሪያ ጊዜ አሳለፍሁ። ክሎሪን ደግሞ ስስ የሆነውን የሜምብሬኑን ሽፋን ይበላል፣ የተበላው አይጠገንም። ሬዚኑ በድንገት ሲያልቅብኝ ከሜምብሬኑ የሚወጣውን ለካሁ፤ 60 ፒፒኤም ሆኖ አገኘሁት። ለካ ሬዚኑ የሜምብሬኑን ጉዳት ሲሸፍንልኝ ኖሯል። ርካሹን ካርቦን ለመቆጠብ ስል ውዱን ሜምብሬን ጣልሁ። ዛሬ ሁለት መለኪያ አለኝ፤ ከካርቦኑ የሚወጣውንም በክሎሪን መመርመሪያ ወረቀት አያለሁ።

ሜምብሬኑ ያስቀረውን ጨው ይዞ የሚደፋው ውሃ ሲያንገበግበኝ ደግሞ የተረፈ ውሃውን ቫልቭ አጥብቄ ዘግቼ ነበር። ይህም ጨውን በሜምብሬኑ ላይ ያስጋግራል፤ ቫልቩን መልሼ ከፈትሁት። በብርድ ወቅት ምርቱ ማነሱም ብልሽት መስሎኝ ፓምፑን ፈትቻለሁ፤ የሜምብሬን አቅም የሚገለጸው በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ውሃው በቀዘቀዘ ቁጥር በየዲግሪው 3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል።

ከሁሉ የጠቀመኝ ትንሽ ነገር በሜምብሬኑና በሬዚኑ መካከል የገጠምሁት ባለ ሦስት መንገድ ቫልቭ ነው። ማሽኑ ቆሞ ሲያድር ጨው በሜምብሬኑ በኩል ቀስ ብሎ ስለሚሻገር ጠዋት መጀመሪያ የሚወጣው ውሃ ከተለመደው በላይ ያነባል፤ ያን ውሃ ቁጥሩ እስኪወርድ ድረስ ወደ ውጭ አፈስሰዋለሁ፣ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ሬዚኑ የማዞረው።