ሰይፌ ሲሰበር የተውኩት ጌም

«ዘ ሌጀንድ ኦፍ ዜልዳ፦ ብሬዝ ኦፍ ዘ ዋይልድ» የሚባለውን ጌም የጨረስኩት በሁለተኛው ሙከራ ነው። መጀመሪያ 15 ሰዓት ያህል ተጫውቼ ተውኩት። የተውኩበትን ሰዓት ዛሬም አልረሳውም። አንድ የጠላት ሰፈር ገብቼ እየተዋጋሁ ሰይፌ እጄ ላይ ተሰባበረ። ሌላ አወጣሁ። እሱም ተሰበረ። ሻንጣዬ ውስጥ ሦስት ምርጥ መሣሪያዎች ነበሩ። «ለክፉ ቀን ይሁኑ» ብዬ ያስቀመጥኳቸው ናቸው። እነሱን ላለመንካት በተራ ዱላ ስዋጋ ሞትኩ። ጌሙን ዘጋሁት። ከዚያ ለአንድ ዓመት ገደማ አልነካሁትም።

አሁን ጨርሼዋለሁ። ከ120ዎቹ መቅደሶች (የእንቆቅልሽና የፈተና ክፍሎች ናቸው) 97ቱን አልፌያለሁ። ከተጫወትኳቸው ጌሞች ሁሉ እንደዚህ የወደድኩት የለም። እንደዚህ ደጋግሞ ያናደደኝም የለም። ሁለቱም ስሜቶች የመጡት ከአንድ ቦታ ነው። ጌሙ ለተጫዋቹ ነፃነት ሲሰጥ ከልቡ ነው። ያ ነፃነት ብዙ ቦታ ላይ ተአምር ይሠራል፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጌሙን ራሱን ይጎዳዋል።

ለማታውቁት ባጭሩ ልንገራችሁ። ጌሙ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒንቴንዶ ስዊችና ዊ ዩ ለሚባሉት የጌም መጫወቻዎች ወጣ። ሊንክ የሚባለው ጀግና ከ100 ዓመት እንቅልፍ ይነቃል። ያለፈውን ሁሉ ረስቷል። የሃይሩል መንግሥት ፈርሷል። ጋነን የሚባለው ክፉ ኃይል ቤተ መንግሥቱን ከቦታል። ልዕልት ዜልዳ ጋነንን ብቻዋን ይዛ እያቆየችው ነው። ቤተ መንግሥቱ ገና ከመጀመሪያው ከሩቅ ይታያችኋል። ጌሙ የሚጀምርበትን አምባ እንደጨረሳችሁ ከፈለጋችሁ በቀጥታ ወደዚያ መሄድ ትችላላችሁ። ማንም አያስቆማችሁም።

በመጀመሪያው ሙከራዬ ይህን ነፃነት አልተጠቀምኩበትም። ሌሎች ጌሞች ማፑ ላይ ምልክት ያደርጉልኛል፣ እኔም ምልክቱን እከተላለሁ። እዚህም እንደዚያው አደረግኩ። ማማ ላይ እወጣለሁ፣ ማፑ ይከፈታል፣ ከዚያ ዓይኔ ጥግ ላይ ያለችው ትንሿ ማፕ ላይ ተተክሎ እሄዳለሁ። መንገዱን አላየሁትም። የማገኘውን ሁሉ እሰበስባለሁ፣ ምንም አላወጣም። በዚህ ዓይነት አጨዋወት ጌሙ ባዶ ሜዳ ይመስላል።

ስመለስ ከዜሮ ጀመርኩ። መጀመሪያ ያደረግኩት ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ «ፕሮ» የሚለውን ምርጫ ማብራት ነው። ትንሿ ማፕ ከስክሪኑ ትጠፋለች። ሕይወታችሁን የሚያሳዩት ልቦች ብቻ ይቀራሉ ማለት ይቻላል። ይህች አንዲት ለውጥ ጌሙን ሌላ ጌም አደረገችልኝ። ቀና ብዬ ማየት ጀመርኩ። «ያ ጭስ ምንድን ነው?» ብዬ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ የተሰነጠቀ ኮረብታ አያለሁ፣ እሱን ልይ እላለሁ። ጭሱ ጋ ሳልደርስ ሁለት ሰዓት ያልፋል።

አምባው ላይ አራት መቅደሶች አሉ። አንዱ በረዶ ተራራ ላይ ነው። ብርዱ ልብ እየቀነሰ ይገድላል። በመጀመሪያው ሙከራ ይህን ያለፍኩት አንድ ጽሑፍ እያነበብኩ ነበር። አሁን ለብቻዬ ሞከርኩት። ቃሪያ ለቅሜ ድስት ላይ አበሰልኩ፤ ሲበሉት ለተወሰነ ጊዜ ብርድ ይከላከላል። መሃል ላይ ቃሪያው አለቀብኝ። ችቦ ለኮስኩና ይዤ ሄድኩ። ችቦውም ያሞቃል! ይህን ማንም አልነገረኝም። እሳት ስለሆነ ያሞቃል፣ በቃ። በኋላ እንደተረዳሁት አምባው ላይ አንድ ጎጆ አካባቢ የሚኖሩትን ሽማግሌ የሚወዱትን ምግብ ሠርቶ ማስደሰትም ይቻላል፤ የሚያሞቅ ልብስ ይሰጣሉ። አንድ ጥያቄ፣ ብዙ መልስ። መልሶቹም ሁሉ ከዓለሙ ተፈጥሮ የወጡ ናቸው።

ለእኔ የጌሙ ትልቁ ኃይል ይህ ነው። ዓለሙ ሕግ አለው፣ ሕጉ ለሁሉም እኩል ነው። ደረቅ ሳር በእሳት ይያያዛል። እሳቱ ሞቃት አየር ወደ ላይ ይገፋል። ፓራግላይደራችሁን (በአየር ላይ የሚያንሳፍፈውን ጨርቅ) ከከፈታችሁ አየሩ ይዟችሁ ይነሳል። እኔ ይህን ያወቅኩት በአጋጣሚ ሳር አቃጥዬ ልሸሽ ስል ነው። ከላይ ሆኜ በቀስት ጠላቶቹን አንድ በአንድ ለቀምኳቸው። ብረት መብረቅ ይስባል። ነጎድጓድ ሲጀምር ብረት ሰይፍ ጀርባችሁ ላይ ካለ ብልጭ ብልጭ ማለት ይጀምራል፤ ቶሎ ካላወለቃችሁት ያበቃላችኋል። ያንኑ ሰይፍ ጠላቶች መሃል ብትጥሉት ግን መብረቁ እነሱን ያገኛቸዋል። ሠሪዎቹ ይህን ሥርዓት «ኬሚስትሪ ኢንጂን» ብለው ይጠሩታል። መጀመሪያ የሞከሩትም የ1986ቱን የመጀመሪያውን ዜልዳ በሚመስል ጠፍጣፋ ጌም ላይ ነው። ስጫወተው ይገባኛል። ማማሩ የመጣው በኋላ ነው፣ መጀመሪያ የተሠራው ሕጉ ነው።

አሁን ወደ ሰይፉ ልመለስ። ብዙ ሰው ይህን ጌም የሚተወው በእሱ ምክንያት ነው፣ እኔም እንደዚያው ነበርኩ። መሣሪያ ሁሉ ይሰበራል። መጠገኛ የለም ማለት ይቻላል። በሁለተኛው ሙከራ ለራሴ አንድ ሕግ አወጣሁ፦ ከሁሉ የሚሻለውን መሣሪያ መጀመሪያ እጠቀማለሁ። ሰይፍን እንደ ቀስት ፍላጻ ማየት ጀመርኩ። ፍላጻ ሲያልቅ ማን ያለቅሳል? ሌላ ትፈልጋላችሁ። «ሊሰበር ነው» የሚል መልእክት ሲመጣ ደግሞ ጠላቱ ላይ እወረውረዋለሁ። ሲሰበር የሚያደርሰው ጉዳት እጥፍ ነው። ጠላቱ ይወድቃል፣ የእሱን መሣሪያ አነሳለሁ፣ እቀጥላለሁ። ያኔ ውጊያው ነፍስ ዘራ። በጦር እጀምራለሁ፣ በመጥረቢያ እቀጥላለሁ፣ በአጽም ክንድ እጨርሳለሁ። አንድ ምርጥ ሰይፍ ቢኖረኝ ኖሮ እነዚህን ሁሉ አልነካቸውም ነበር።

ይህን ብያለሁና ጉድለቱ የለም ማለቴ አይደለም። አለ፣ ትልቅም ነው። ጌሙ ወደ መሃል ሲደርስ ጠላቶች እየጠነከሩ ይመጣሉ፣ ልባቸው ቶሎ አያልቅም። አንድ ሰፈር ለማጽዳት ሦስት ጥሩ መሣሪያ ታጠፋላችሁ። የሰፈሩን የሽልማት ሣጥን ስትከፍቱ አንድ መሣሪያ ታገኛላችሁ። ሒሳቡ ኪሳራ ነው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ብዙ ውጊያዎችን እየዞርኩ አልፌያለሁ። ጥሩ የተሠራ ውጊያ «አያዋጣኝም» ብሎ ማለፍ ያሳዝናል። በዚያ ላይ ሻንጣው ሙሉ ከሆነ ሣጥኑ ውስጥ ያለውን መውሰድ አይቻልም። ትዘጉታላችሁ፣ አንድ ነገር ትጥላላችሁ፣ እንደገና ትከፍቱታላችሁ። ይህ መቶ ጊዜ ሲደጋገም ያሰለቻል። ሣጥኑን ከፍቶ እዚያው መለዋወጥ ቢቻል ምን ነበረበት?

የማይሰበር ሰይፍ አንድ አለ፣ ማስተር ሶርድ። እሱም ቢሆን ኃይሉ ሲያልቅ 10 ደቂቃ ያርፋል። ከድንጋዩ ለመንቀል 13 ልብ ያስፈልጋል፤ ምግብ በልቶ የሚጨመር ቢጫ ልብ አይቆጠርም። እዚህ ላይ አንድ የጠቀመኝን ልንገራችሁ። ስትጀምሩ ያላችሁ 3 ልብ ነው። እያንዳንዱ መቅደስ አንድ ሉል ይሰጣል፤ አራቱን ሉል በአንድ ልብ ወይም በጉልበት መጨመሪያ ትለውጣላችሁ። እኔ መጀመሪያ ሁሉንም ወደ ጉልበት ነው ያደረግኩት። በዚህ ጌም ውስጥ ተራራ መውጣት ከመዋጋት ይበልጣል። በኋላ ሃቴኖ የሚባለው መንደር ውስጥ ያለውን ቀንዳም ሐውልት አገኘሁት። ጉልበትን ወደ ልብ፣ ልብንም ወደ ጉልበት ይቀይራል። ከእናንተ በ100 ሩፒ (የጌሙ ገንዘብ ነው) ይገዛል፣ በ120 ይሸጥላችኋል። ጉልበቴን ወደ ልብ ቀየርኩ፣ ሰይፉን ነቀልኩ፣ ተመልሼ ልቡን ወደ ጉልበት ቀየርኩ። ስለዚህ ምርጫው ላይ አትጨነቁ። ይመለሳል።

ዝናቡን ግን ይቅር ልለው አልችልም። ግማሽ ተራራ ወጥታችሁ ዝናብ ሲጀምር ድንጋዩ ያንሸራትታል። ጥቂት ትወጣላችሁ፣ ትንሸራተታላችሁ። ጉልበታችሁ ያልቃል፣ ትወድቃላችሁ። ብርድን በልብስና በምግብ እናሸንፋለን። ሙቀትንም፣ መብረቅንም እንደዚሁ። ለዚህ ለዝናብ ብቻ መልስ የለም። ዓለሙ ሁሉ «አስብና መፍትሔ ፈልግ» ሲላችሁ ቆይቶ እዚህ ላይ «ቁጭ ብለህ ጠብቅ» ይላል። እኔ ያገኘሁት ብልሃት ከድንጋይ ጥላ ሥር እሳት አንድዶ ሰዓቱን ማሳለፍ ነው፤ አንዳንዴ ሲነጋ አባርቶ ይቆያል። እ.ኤ.አ. በ2023 በወጣው ተከታይ ጌም ላይ መንሸራተትን የሚከላከል ልብስና መጠጥ ተጨምሯል። ሠሪዎቹም ጉድለቱን አይተውታል ብዬ አምናለሁ።

ቦሶቹም፣ ማለትም ትልልቆቹ ጠላቶች፣ ደካማ ናቸው። አራት ግዙፍ የብረት አውሬዎች አሉ። ከውጭ ሲታዩ እጅ በአፍ ያስጭናሉ። አንዱ ግመል ነው፣ በአሸዋ ማዕበል መሃል ተራራ የሚያህል እግሩን እያነሳ ይሄዳል። ውስጣቸው ስትገቡ ግን አራቱም አንድ ዓይነት ቀለም፣ አንድ ዓይነት ግድግዳ ናቸው። በሁሉም አምስት አምስት መቆጣጠሪያ ታበራላችሁ፣ ከዚያ ቦስ ይመጣል። ቦሶቹም የአንድ እናት ልጆች ይመስላሉ። በየትኛውም ቅደም ተከተል ግቡ ስለተባለ አንዱ ከሌላው እየከበደ መሄድ አልቻለም። ያታገለኝ የግመሉ ቦስ ብቻ ነው። በፍጥነቱ አሥር ጊዜ ገደማ ገደለኝ። በመጨረሻ ያሸነፍኩት ማጥቃቱን ትቼ ጋሻ ብቻ ይዤ እንቅስቃሴውን ሳጠና ነው።

ከዚህ የባሰው መጨረሻው ነው። አራቱንም አውሬዎች ነፃ ካወጣችሁ የጋነን ጉልበት ገና ሳትጀምሩ በግማሽ ይቀነሳል። ስትለፉ የኖራችሁትን ያህል መጨረሻው ይቀላል ማለት ነው። እኔ ሁሉንም ጨርሼ ስለሄድኩ በመጀመሪያው ግጥሚያ ጣልኩት። ደስታው ጎደለብኝ። እንደገና ብጫወተው ሁለቱን አውሬ ብቻ ነፃ አውጥቼ ነው የምገባው።

ታሪኩ ላይ ሰው ይከራከራል። እኔ ወድጄዋለሁ። ዜልዳ ያነሳቻቸው 12 ፎቶዎች አሉ። ቦታዎቹን በዓይን ፈልጋችሁ ስታገኟቸው ሊንክ የረሳው ትዝታ ይመለሳል። እኔ ፎቶውንና አድማሱን እያስተያየሁ ስንት ሰዓት እንደዞርኩ አላውቅም። ትዝታዎቹ የሚያሳዩት አንዲት ልጅ ናት። ሁሉም ሰው ኃይልሽን አንቂ ይላታል። ትጸልያለች፣ በቀዝቃዛ ውሃ ቆማ ትለምናለች፣ ምንም አይመጣም። አባቷም ይቆጣታል። ይህን ካየሁ በኋላ ቤተ መንግሥቱን ከሩቅ ባየሁ ቁጥር አንጀቴ ይላወስ ነበር። ግን ይህ ሁሉ የሆነው ከ100 ዓመት በፊት ነው። አሁን እየተጫወታችሁ ሳላችሁ የሚሆን ነገር ጥቂት ነው። ትዝታዎቹንም ተዘበራርቀው ስለምታገኟቸው ለቅሶውን ከምክንያቱ ቀድማችሁ ልታዩት ትችላላችሁ።

ኮሮክ ስለሚባሉት የጫካ ፍጥረታት ብዙ አልልም። 900 ዘር ደብቀዋል። ሻንጣውን እስከ መጨረሻ ለማስፋት 441 ይበቃል። እኔ 160 ላይ አቆምኩ። ሁሉንም ልሰብስብ ያለ ሰው በጌሙ ይንገሸገሻል። መንገድ ላይ ስታገኙ ተደሰቱ፣ አለፈ።

ከሁሉ በላይ የማስታውሰው ግን ኢቨንታይድ የምትባለውን ደሴት ነው። ከባሕር ዳርቻ ከፍ ካለ ገደል ላይ ሆኜ ሩቅ ላይ አየኋት። ጉልበቴ እንደሚበቃ እርግጠኛ አልነበርኩም። ዘለልኩ። ፓራግላይደሩን እየከፈትኩ እየዘጋሁ፣ በመጨረሻ የጉልበት ጠብታ አሸዋው ላይ ወደቅኩ። ስደርስ ጌሙ ያለኝን ሁሉ ወሰደብኝ። ሰይፍ፣ ልብስ፣ ምግብ፣ ሁሉንም። ሦስት ሉሎችን አግኝቼ ቦታቸው ላይ ካስቀመጥኩ ይመልስልኛል። ሰማዩ እየጠቆረ ነበር። ዱላ አነሳሁ። እንጉዳይ ለቀምኩ። ተኝተው ያሉ ጠላቶች ላይ ድንጋይ አንከባለልኩ። ዱላዬ ሲሰበር የእነሱን አነሳሁ። ያ ሰፈር ውስጥ ገብቶ ሦስት ሰይፍ ሻንጣው ውስጥ እያለ የሞተው ሰው እዚህች ደሴት ላይ አምስት ደቂቃ አይቆይም ነበር። እኔ አንድ ምሽት ሙሉ ፈጀብኝ፣ ሳልሞት ወጣሁ።

ጋነን ከወደቀ በኋላ ጌሙ ከመጨረሻው ውጊያ በፊት ወደነበራችሁበት ይመልሳችኋል። ሴቭ ያደረጋችሁት ላይ አንዲት ኮከብ ትጨመራለች። ዓለሙ አልተለወጠም፤ ቤተ መንግሥቱን ያው ጥቁር ጭጋግ ከቦታል። ያዳናችሁትን አገር አታዩትም። ይህም ይቆጨኛል። እንዲህም ሆኖ ጌሙን አልዘጋሁትም። በሰሜን ምሥራቅ በኩል ገና ያልወጣሁት ተራራ ነበረ። ጀርባዬ ላይ የተሰነጠቀ የጠላት መጥረቢያ ይዤ ወደዚያ ሄድኩ።