በአራዳ ጊዮርጊስ በር ላይ

እግዚአብሔር ያደረገልኝን ዝም ብል ኅሊናዬ አይተወኝም። ፒያሳ ስልክ እጠግናለሁ። ከሥራ ስወጣ የማመሸው ቤቲንግ ቤት ነበር። መጀመሪያ በ20 ብር ነበር ትኬት የምቆርጠው፤ ቆይቶ ደሞዜን፣ ከዚያ ደግሞ የሰው ገንዘብ።

ኅዳር 2015 እናቴ ዕቁብ ደረሳት። 40 ሺህ ብር። ጣሪያችን ክረምቱን ሁሉ ሲያፈስ ስለከረመ ለእሱ ያሰበችው ነው። «ልጄ ባንክ አስገባልኝ» ብላ ሰጠችኝ። አላስገባሁትም። የኳታር ዓለም ዋንጫ ነበር፤ አራት ጨዋታ ገብቶልኝ አምስተኛው በጭማሪ ደቂቃ ሲያቃጥልብኝ፣ የሄደውን ልመልስ ብዬ ደግሜ ስቆርጥ፣ አሥር ቀን ሳይሞላ ሁሉም አለቀ። ስልኬን ዘግቼ ካዛንቺስ ጓደኛዬ ጋ ተደበቅኩ። የእናቴን ዓይን ከማይ ብሞት ይሻለኛል ብዬ ነበር፤ ይህን ስጽፍ አሁንም እጄ ይንቀጠቀጣል።

አንድ ቀን ሳይነጋ በአራት ኪሎ አድርጌ ወደ ፒያሳ ወጣሁ። የት እንደምሄድ አላውቅም። አራዳ ጊዮርጊስ ስደርስ ኪዳን እየደረሰ ነው። ቀኑ 23 መሆኑን ያወቅኩት ነጠላ የለበሰውን ሕዝብ አይቼ ነው። መግባት አፈርኩ። በሩ ላይ ተደፍቼ «አምላኬ፣ ብሩን መልስልኝ አልልም፤ ለእናቴ እውነቱን የምነግርበት አፍ ስጠኝ» አልኩ። እንደዚያ ቀን አልቅሼ አላውቅም። በኋላ አንድ አባት ጋ ቀርቤ ተናዘዝኩ። ጾምና ስግደት ሰጡኝና «መጀመሪያ ግን እናትህ ጋ ሂድ» አሉኝ።

ሄድኩ። ቡና እየቆላች ነበር። እግሯ ላይ ወደቅኩ፣ አፌም ተከፈተ፤ አንድ ሳላስቀር ነገርኳት። ለካ ባንክ ሄዳ ጠይቃ ኖሯል። «ብሩንስ ተወው፤ አንተን ከመለሰልኝ ብዬ ለጊዮርጊስ ጥላ ተስያለሁ» አለችኝ። «ዓድዋ የዘመተ ታቦት አንድ ልጅ መመለስ ያቅተዋል?»

አምሮቱ በአንድ ቀን አልለቀቀኝም። በተለይ ቅዳሜ ከሰዓት እግሬ ራሱ ይወስደኝ ነበር። ያኔ መንገድ ቀይሬ በጊዮርጊስ በኩል እዞራለሁ፤ መዝሙር 50ን እደግምና ቤቴ እገባለሁ። ስንት ቅዳሜ እንደዚያ እንዳለፈ እንጃ፣ ብቻ አንድ ቀን ማን ከማን እንደሚጫወት እንኳ እንደማላውቅ ልብ አልኩ። ተመስገን!

ከታኅሣሥ ጀምሬ ለእናቴ በየወሩ 2 ሺህ ብር ሰጠሁ። የመጨረሻውን የከፈልኩት ሐምሌ 2016 ነው። በ23ቱ ማለዳ ቀሰቀሰችኝ። «ስለቱን አንተ አስገባው» ብላ ጥላውን አስያዘችኝ። ያን ቀን በር ላይ አልቀረሁም፤ ጫማዬን አውልቄ ገባሁ።