አንዲት ጠብታ ዑድ

ከረመዳን ማግስት አንዲት የባንክ ሠራተኛ የሆነች ወጣት ዱባይ፣ ደይራ ሰፈር ወደምሠራበት የሽቶ መደብር መጣች። ከቦርሳዋ ባዶ ብልቃጥ አውጥታ ፊቴ አስቀመጠችው። የአያቷ ነበር። «እህቴ፣ እንደዚህ የሚሸት ቀምሚልኝ። ግን የምውለው በዝግ ቢሮ ውስጥ ነውና አጠገቤ ያሉትን ራስ ምታት እንዳላስይዝ» አለችኝ።

ክዳኑን ከፈትኩት። ከታች ቡናማ ዝቃጭ ደርቆ ተጣብቋል። ቀድሞ የመጣልኝ ከእንጨት የሚነጠረው የዑድ መዓዛ ነው፤ ያውም የከብት በረት የሚያስታውሰው የህንድ ዑድ። ቆይቶ ጽጌረዳ፣ ዛፍራንና ሰንደል ተከተሉ። ዓረቦች ይህን ሙኸለጥ ይሉታል፤ ድብልቅ ማለት ነው። ስሙ ቀላል ይምሰል እንጂ እያንዳንዱ ቤት የራሱ አለው፤ እናት ለልጇ የምታወርሰው ነው።

በመጀመሪያው ሙከራዬ ተሳሳትኩ። የአያትየዋን መጠን እንዳለ ይዤ በሰንደል ዘይት አቀጠንኩት። ሽታው ግን ደበዘዘ እንጂ አልቀለለም። ዑዱ ቢቀጥንም ጠባዩን አልለወጠም። የዑድ ዛፍ በሻጋታ ሲጠቃ ራሱን ለመከላከል የሚያመነጨው ሙጫ ግንዱን ያጠቁረዋል፤ ዘይቱ የሚነጠረው ከዚያ ከጠቆረው እንጨት ነው። ጤነኛው እንጨት ይህ መዓዛ የለውም። ዛፉ እየተመነጠረ በመመናመኑ እ.ኤ.አ. በ2004 የዑድ ዛፍ ዝርያዎች በሙሉ የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ንግድን በሚቆጣጠረው ዓለም አቀፍ የሳይተስ ስምምነት ሥር እንዲገቡ ተወስኗል። ስለዚህ ዑድን ማባከን ሁለት ጥፋት ነው።

እንደገና ጀመርኩ። ዑዱን ከአምስት ጠብታ ወደ አንድ አወረድኩት። ከዚያ የጣኢፍ ጽጌረዳ ሁለት ጠብታ። ይህ ጽጌረዳ በሳዑዲ ዓረቢያ ተራሮች ላይ በጸደይ፣ ፀሐይ ሳትበረታ በማለዳ የሚለቀም ነው፤ ከጣፋጭነቱ ሥር ቃሪያና ሎሚ የሚመስል ስለት አለው። ዑዱን ከመሬት ብድግ የሚያደርገው ያ ስለት ነው። ዛፍራኑን በመስታወት ዘንግ ጫፍ ብቻ ነካ አደረግሁት። ከሥር መደላድሉን በነጭ ምስክ ሠራሁት።

እዚህ ላይ የሚቆጡኝ አሉ። ነጭ ምስክ ቤተ ሙከራ የወለደው ስለሆነ «ይህ የአባቶቻችን ሽቶ አይደለም» ይላሉ። እኔ አልስማማም። የዓረቡ ፈላስፋ አል ኪንዲ በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከ100 በላይ የሽቶ አሠራሮችን ሲጽፍ ውድ ቅመሞች በምን ሊተኩ እንደሚችሉም አስፍሯል። መተካት የሙያው አካል ነው። ለምስክ አጋዘን፣ ለዝባድ ጥርኝን ማሠቃየት ደግሞ ዛሬ አያስፈልግም። ዝባድ ሲነሳ ልቤ ይነካል፤ የእኛው አገር ሰው በቀንድ እየሞላ ባሕር አሻግሮ ሲነግድበት የኖረ ነገር ነውና።

የዘይት ሽቶ በወረቀት አይፈተንም። ሙቀት ይፈልጋል። የእጄን አንጓ ነካ አድርጌ፣ ሳላሽ፣ ከአሥር ደቂቃ በኋላ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ ማታ ልተኛ ስል አሸተትኩት። በአልኮል የተሠራ ቢሆን ኖሮ ክፍሉን በአንዴ ይሞላው ነበር፤ ዘይት ግን ቶሎ አይበንም፣ ገላ ላይ ይቆያል። ቢሮ ለሚውል ሰው ዘይትን የምመርጠው ለዚህ ነው። ጎረቤት የሚያሸተው ሲጠጋ ብቻ ነው።

ሦስት ሳምንት ጨለማ መሳቢያ ውስጥ አሳደርኩት። ሲቀላቀሉ ይጣሉ የነበሩት ተስማሙ።

ልጅቷ መጥታ ከጆሮዋ ጀርባ ነካ አደረገች። ብዙ ቆየች፤ አልተናገረችም። አዲስ ብልቃጥ ሳቀርብላት በእጇ መለሰችውና የአያቷን ገፋ አደረገችልኝ።

«ሳታጥቢው እዚህ ሙይልኝ» አለች።

ቀስ ብዬ አንቆረቆርኩ። ዘይቱ ከታች ያለውን ዝቃጭ ሲነካው፣ የደረቀው ቡናማ ነገር በክር መልክ እየሟሟ ወደ ላይ መውጣት ጀመረ።