ከአንጎል ቀዶ ሕክምና በፊት ጆሮዬን የለካሁበት መንገድ

ክራር ደርዳሪ ነኝ። ለሚጥል በሽታ የቀኝ ቴምፖራል ሎቤ (በጆሮ በኩል ያለው የአንጎል ክፍል) የፊት ክፍል፣ በውስጡ ካሉት ከሂፖካምፐሱና ከአሚግዳላው ጋር አሜሪካ ውስጥ ወጥቶልኛል። ኤምአርአዩም፣ መድኃኒት ተቀንሶ አልጋ ላይ የሚደረገው የቪዲዮ ኢኢጂም (የአንጎልን ኤሌክትሪክ ከቪዲዮ ጋር የሚቀዳው) ያለ ችግር አለፉ፤ ሁለቱም በሽታው የሚነሳው ከቀኙ ጎን እንደሆነ አመለከቱ።

የተበላሸው የማስታወስና የቋንቋ ምርመራው ነው። «እንግሊዝኛ ትችላለህ?» ሲሉኝ «አዎ» አልኩ፤ ያቺን «አዎ» እስካሁን እቆጭባታለሁ። ያለ አስተርጓሚ ተፈተንኩ። የቦስተን የስም መጥራት ፈተና 60 ሥዕሎች አሉት፤ ቢቨር፣ ፕሬትዝል፣ ኢግሉ፣ የኦክ ዛፍ ፍሬ ሁሉ ይገኙበታል። ቢቨር በማይታወቅበት አገር ያደገ ሰው «ትልቅ አይጥ» ቢል አንጎሉ ታሟል ማለት አይደለም። ውጤቱ ግን ዝቅ ብሎ ተመዘገበ። ስም መጥራት በአብዛኛው ሰው የግራ አንጎል ሥራ ስለሆነ፣ ግራውም ሳይነካ አይቀርም የሚል ጥርጣሬ መጣ፤ ከኢኢጂው ጋር ተጋጨ። ቀዶ ሕክምናው ተራዘመ፤ የዋዳ ምርመራም ታዘዘ። ይህ በብሽሽት በኩል ቀጭን ቱቦ አስገብተው አንዱን የአንጎል ጎን ለጥቂት ደቂቃ የሚያደነዝዙበት ምርመራ ነው። አስተርጓሚ ቢቀመጥ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ።

ስለዚህ እንግሊዝኛችሁ የቱንም ያህል ጥሩ ቢሆን፣ ቀጠሮ ስትይዙ ባለሙያ አስተርጓሚ በጽሑፍ ጠይቁ። ዘመድ አይሁን፤ ዘመድ ሳያስበው መልስ ይጠቁማል። የሥዕሉን ስም በየትኛውም ቋንቋ ብትሉት እንዲቆጠር፣ ለማስታወስ ፈተና የሚነበበው የ15 ቃላት ዝርዝርም በአማርኛ እንዲነበብ ጠይቁ። ከቀዶው በኋላም አሠራሩ ያው ካልሆነ ሁለቱን ውጤቶች ማወዳደር አይቻልም። በዋዜማው በሽታው ከጣላችሁ ቀጠሮውን አዛውሩ፤ «መጥታችኋልና እንጀምር» ቢሉም እሺ አትበሉ።

ሙዚቃን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አይለኩላችሁም። የነርቭ ሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ብሬንዳ ሚልነር ሞንትሪያል ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1962 ባሳተመችው ጥናት፣ ቀኝ ቴምፖራል ሎባቸው የወጣላቸው ሰዎች ተከታታይ ድምፆችን በማስታወስና የድምፅን ቀለም (የአንዱን መሣሪያ ድምፅ ከሌላው የሚለየውን) በመለየት ፈተና ውጤታቸው ቀንሶ ነበር፤ ግራው የወጣላቸው ግን እንዲያ አልሆኑም። ይህ ከታወቀ ስንት ዘመኑ! እኔን ግን ስለ ዜማ የጠየቀኝ የለም። ራሴ ለካሁ።

መጀመሪያ አምስቱን አውታሮች በጆሮ ብቻ ወደ ሙሉ ትዝታ ቅኝት መቃኘት፤ ከዚያ በስልክ መቃኛ እያንዳንዱ አውታር ስንት ሴንት እንደሳተ መጻፍ (ሴንት የድምፅ ከፍታ ልዩነት መለኪያ ነው፤ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው)። ቀጥሎ ሌላ ሰው 20 ጥንድ አጫጭር ዜማዎች ይጫወታል፤ በግማሾቹ ሁለተኛው ዜማ በአንድ ድምፅ ብቻ ይለያል። እናንተ «ያው ነው» ወይም «ተቀይሯል» ትላላችሁ። የሙሉና የግማሽ ትዝታ ልዩነት ለዚህ ይመቻል፤ በግማሹ ትዝታ ከቅኝቱ አምስት ድምፆች ሦስተኛውና አምስተኛው በግማሽ ድምፅ ብቻ ነው የሚወርዱት። ከሁሉ የሚበልጠው ግን አዲስ ዜማ ነው፦ የማታውቁትን ዜማ ስንቴ ሰምታችሁ እንደያዛችሁት ቁጠሩ፤ ከ30 ደቂቃ በኋላና በማግስቱ ደግማችሁ ተጫወቱና ቅረጹት። ይህን ሁሉ በሦስት የተለያዩ ቀናት አድርጉ፤ አንድ ቀን አይበቃም።

መድኃኒት በተቀየረበት ሰሞን አትለኩ። ካርባማዜፒን የተባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት አንዳንድ ሰው ላይ ድምፅን በግማሽ ድምፅ ያህል ዝቅ አድርጎ ያሰማል፤ ይህ ከቀዶው ጋር ከተደባለቀ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ዘማሪ ወይም ዘፋኝ ከሆናችሁ ደግሞ፣ በቀዶው የማኘኪያው ጡንቻ ስለሚነካ ለሳምንታት አፍ እንደልብ አይከፈትም፤ በመጀመሪያው ወር ድምፃችሁን አትመዝኑ።

እኔ በሦስተኛው ወርና በዓመቱ ደገምኩት። ቅኝቴ አልተነካም። የቀነሰው አዲስ ዜማ መያዝ ነው፦ በፊት አምስት ጊዜ ሰምቼ የምይዘው አሁን አሥራ ሁለት ይፈጃል። መፍትሔ የሆነኝ ግጥሙን አስቀድሞ መሸምደድ ነው። ቃሉን በግራው አንጎል ከያዝኩ በኋላ ዜማውን ስንኝ በስንኝ እሰቅልበታለሁ፤ እንዲህ ሲሆን በሰባተኛው ይገባል።